ሮቤርቶ ማሪኞ፦ ከአባታቸው ጋዜጣ እስከ ሃያ አራት ሰዓት የዜና ቴሌቪዥን

በብራዚል ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ በፖርቱጋልኛ ቋንቋ ዜና በማሰራጨት ፈር ቀዳጅ የሆነው የቴሌቪዥን ጣቢያ ግሎቦ ኒውስ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረውም ኦክቶበር 15 ቀን 1996 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣቢያው የተወለደበትን የግሎቦ ድርጅት ለሰባት አሥርት ዓመታት የመሩት ሮቤርቶ ማሪኞ በወቅቱ ዕድሜያቸው 91 ደርሶ ነበር። ሕይወታቸው የአንድ ባለሀብት የስኬት ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ የዜና ተቋም ከመንግሥት ጋር ያለው ቅርበት ምን እንደሚያስገኝለትና ምን እንደሚያስከፍለውም ያሳያል።

ማሪኞ የተወለዱት ዲሴምበር 3 ቀን 1904 በሪዮ ዲ ጃኔሮ ከተማ ነው። አባታቸው ኢሪኔው ማሪኞ ጋዜጠኛ ሲሆኑ፣ በ1911 ኣ ኖይቺ የተሰኘ የምሽት ጋዜጣ መሥርተው ነበር። ይሁንና በ1924 ለሕክምናና ለዕረፍት ወደ አውሮፓ በተጓዙበት ጊዜ የጋዜጣው ባለቤትነት ከእጃቸው ወጣ። አባትየው በዚህ ሳይበገሩ ጁላይ 29 ቀን 1925 ኦ ግሎቦ የተባለ አዲስ ጋዜጣ ለንባብ አበቁ። ነገር ግን ጋዜጣው አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ኦገስት 21 ቀን በድንገት ሕይወታቸው አለፈ።

የበኩር ልጅ የነበሩት ሮቤርቶ በወቅቱ የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ። ኃላፊነቱን እንዲረከቡ ቢጠበቅባቸውም ልምዱ እንደሌላቸው በመገንዘብ ሥልጣኑን አልተቀበሉም። የጋዜጣው አመራር የአባታቸው ታማኝ ባልደረባ ለነበሩት ለዩሪክሊስ ዲ ማቶስ እንዲሰጥ አድርገው፣ እርሳቸው ከሪፖርተርነት ጀምሮ ሥራውን ከሥር መሠረቱ ተማሩ። ዲ ማቶስ በ1931 ሲያርፉ ግን የዋና ዳይሬክተርነቱን ወንበር ተረከቡ። ስድስት ዓመት በታችኛው እርከን መሥራታቸው በኋላ ለገነቡት ድርጅት ጽኑ መሠረት እንደሆነ ይነገርለታል።

ማሪኞ ወደ አዳዲስ የመገናኛ ዘዴዎች የገቡት ደረጃ በደረጃ ነው። በ1944 ራዲዮ ግሎቦን አቋቋሙ። የቴሌቪዥን ፈቃድ ያገኙት በ1957 በፕሬዚዳንት ዡሴሊኖ ኩቢቼክ ዘመን ቢሆንም፣ ቴሌቪዥን ግሎቦ በሪዮ ዲ ጃኔሮ ሥርጭት የጀመረው ኤፕሪል 26 ቀን 1965 ነው። በብራዚል የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ቱፒ ሥራ ከጀመረ ያን ጊዜ 15 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ማሪኞም የ60 ዓመት ሰው ነበሩ።

አዲሱ ጣቢያ ገና ከጅምሩ ብርቱ ክርክር ገጠመው። ማሪኞ በ1962 ታይም ላይፍ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የገንዘብና የቴክኒክ ድጋፍ ውል ተፈራርመው ነበር። የብራዚል ሕገ መንግሥት ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን በውጭ ዜጎች እንዳይያዙ ይከለክል ስለነበር፣ ጉዳዩ በ1966 በምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን ታየ። ማሪኞም በኮሚሽኑ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ኮሚሽኑ ውሉ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲል ቢደመድምም፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ጣቢያው እንዲዘጋ አላደረገም። ከዓመታት በኋላም ሁለቱ ወገኖች ውሉን አቋርጠዋል።

በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሪዮ ዲ ጃኔሮ በከባድ ዝናብና ጎርፍ ተጠቃች። ቴሌቪዥን ግሎቦ መደበኛ ዝግጅቶቹን ትቶ የጎርፉን ሁኔታ በመዘገቡና ለተጎጂዎች ዕርዳታ በማስተባበሩ በነዋሪው ዘንድ ስሙ ገነነ። ተመልካች አደጋ ሲደርስ የምሽቱን የዜና ሰዓት እስኪጠብቅ እንደማይታገሥ አጋጣሚው በግልጽ አሳይቷል።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1969 ዦርናል ናሲዮናል የተሰኘው የምሽት ዜና ተጀመረ። የመንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት የነበረው ኤምብራቴል በዘረጋው የማይክሮዌቭ መስመር አማካይነት፣ በብራዚል ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የዜና ፕሮግራም በተለያዩ ከተሞች በአንድ ጊዜ በቀጥታ ታየ። በመጀመሪያው ምሽት ከቀረቡት ዜናዎች አንዱ የፕሬዚዳንት ኮስታ ኢ ሲልቫ ሕመም ነበር። የአገሪቱ ሥልጣንም ከአንድ ቀን በፊት በሦስት የጦር ኃይል ሚኒስትሮች እጅ ገብቶ ነበር። በ1970 የሕዝብ ቆጠራ 93 ሚሊዮን ነዋሪ ለተመዘገበባት ሰፊ አገር ይህ የምሽት ዜና ዋነኛ የመረጃ ምንጭ ሆነ።

የማሪኞ ስም ከፍ ያለውም የተተቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኦ ግሎቦ በ1964 የተካሄደውን የመንግሥት ግልበጣ ደግፎ ጽፏል። ሳንሱር በበረታባቸው ዓመታትም ቴሌቪዥኑ እየተስፋፋ ሄደ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1984 በሳኦ ፓውሎ ከተማ ፕሬዚዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጥ የሚጠይቅ ታላቅ ሰልፍ ሲደረግ፣ የምሽቱ ዜና ሰልፉን ያስተዋወቀው ከከተማዋ የምሥረታ በዓል ዝግጅቶች ጋር አያይዞ ነበር። በ1989 ደግሞ በፈርናንዶ ኮሎርና በሉላ ዳ ሲልቫ መካከል የተካሄደው የመጨረሻ የምርጫ ክርክር በዜናው አጥሮ የቀረበበት መንገድ ለኮሎር ያደላ ነው የሚል ከባድ ወቀሳ አስከተለ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የሚወስን አካል፣ በተመልካቹ ዘንድ ያለውን አመኔታም አብሮ ይወስናል። ለዓመታት የዘለቀው ክርክርም ያጠነጠነው በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር።

በ1990ዎቹ የኬብልና የሳተላይት ቴሌቪዥን ወደ ብራዚል ሲገባ ድርጅቱ በ1991 ግሎቦሳት የተባለውን የክፍያ ቴሌቪዥን ኩባንያ አቋቋመ። በወቅቱ የዕለት ተዕለት አመራሩን ልጆቻቸው እየተረከቡ ነበር። ግሎቦ ኒውስ የተመሠረተውም በዚህ ኩባንያ ሥር ነው። ጣቢያውን በማደራጀት ዋነኛውን ሚና የተጫወቱት በዦርናል ናሲዮናል ምሥረታ የተሳተፉት ጋዜጠኛዋ አሊሲ ማሪያ ናቸው። አሠራሩ በየሰዓቱ የሚታደስ አጭር ዜና ማቅረብና በመካከሉ ቃለ ምልልስ፣ የኢኮኖሚ ዘገባና ትንታኔ ማሰራጨት ነበር። በጅምሩ ተመልካቹ ወርኃዊ ክፍያ ለሚከፍሉ ቤተሰቦች የተወሰነ ነበር። ጣቢያው በተከፈተ በ16ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1996፣ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በሳኦ ፓውሎ ወድቆ 99 ሰዎች ሲሞቱ፣ አዲሱ የዜና ክፍል በአጭር ጊዜ ውስጥ ከባድ ፈተና ገጠመው።

ማሪኞ ከዜና ሥራ ውጭም አሻራ አላቸው። በ1977 በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽን በቴሌቪዥን የሚሰጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አስጀምሯል። በ1993 ደግሞ የብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ አባል ሆነው ተመርጠዋል።

ሮቤርቶ ማሪኞ ኦገስት 6 ቀን 2003 በ98 ዓመታቸው በሪዮ ዲ ጃኔሮ አረፉ። በወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት በ1989 ምርጫ የተሸነፉት ሉላ ዳ ሲልቫ ሲሆኑ፣ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አውጀው በቀብሩ ላይ ተገኝተዋል።

ከእርሳቸው ሕልፈት በኋላ በ2005 ከፖስታ ድርጅቱ ጋር በተያያዘ የሙስና ጉዳይ ላይ የተቋቋመው የምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን ምስክሮችን ሲሰማ፣ ግሎቦ ኒውስ ሂደቱን ለረጅም ሰዓታት በቀጥታ አሰራጭቷል። በምሽት ዜና የደቂቃዎች ድርሻ ሊያገኝ የሚችል ጉዳይ ተመልካቹ ራሱ ከምንጩ ተከታትሎ እንዲመዝነው ዕድል አገኘ። በ2013 ደግሞ ኦ ግሎቦ ለ1964ቱ የመንግሥት ግልበጣ የሰጠው ድጋፍ ስህተት እንደነበር በይፋ አምኗል።

የሃያ አራት ሰዓት ዜና በፖርቱጋልኛ ተናጋሪው ዓለም ከአንድ ድርጅት አልፎ ተስፋፍቷል። በፖርቱጋል ሲክ ኖቲሲያስ በጃንዋሪ 2001 ሥራ ጀመረ። በብራዚልም ባንድ ኒውስ በ2001፣ ያለ ክፍያ የሚታየው ሬኮርድ ኒውስ በ2007፣ ሲኤንኤን ብራዚል ደግሞ በ2020 ተከትለዋል። አንዱ ጣቢያ የዘለለውን ሌላው ሊያሳይ በሚችልበት በዚህ ሁኔታ፣ ማሪኞ በዘመናቸው የነበራቸውን ዓይነት ብቸኛ የዜና ሥልጣን ለመያዝ ለማንም አዳጋች ሆኗል።