ራስ ጉግሣ ወሌና የግዛት ሥልጣን ጥያቄ

የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ የየጁው ራስ ወሌ ብጡል ልጅና የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ። ባለቤታቸው ዘውዲቱ ምኒልክ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ ከእሳቸው እንዲለዩ ተደረገ።

ራስ ጉግሣ መሬትና ግብሩ እንደ ቀድሞው በየግዛቱ ገዥ ሥር እንዲቆይ ከሚሹት ወግ አጥባቂ መኳንንት አንዱ እንደነበሩ ይታወሳል። በመሆኑም ማዕከላዊ አስተዳደርን ከሚያጠናክሩት ከራስ ተፈሪ መኰንን ጋር አልተስማሙም።

ሮቢትና ቆቦ የሚገኙበት የራያ ምድር ከአዘቦ ጋር በ1921 ዓ.ም. ገደማ ሲያምፅ፣ አመፁን እንዲያበርዱ ታዘዙ። ሆኖም ከአማፂያኑ ጋር ተላልከዋል ተብለው ተጠረጠሩ።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ከጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊት ጋር ገጥመው ወደቁ። በውጊያው የመንግሥት አውሮፕላንም ተሳትፏል። ንግሥቲቱ ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም የማዕከሉን ሥልጣን አጸና።