ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የድህነት ጥያቄ

ለም መሬት፣ ታታሪ ገበሬና በውጭ ገበያ የሚፈለግ ምርት ያለው አገር ስለ ምን ደኻ ይሆናል? ዛሬ በየጉባኤያችን የምናነሣውን ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ ጽፈው መልስ ለመስጠት የሞከሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ዕድሜያቸው አጭር፣ የጻፉትም ጥቂት ነው። ሆኖም ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት በአገራችን ቋንቋ የተጀመረው የሐሳብ ጉዞ ከእርሳቸው የሚነሣ በመሆኑ፣ ሕይወታቸውን መመርመር የሙያችንን አመጣጥ መመርመር ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አውራጃ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ሻለቃ ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ከንጉሠ ነገሥታቸው ጋር ወደቁ። ዘመኑ ክፉ ቀን በሚል ስም የሚታወቀው ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶት ነበር፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ሲሳነው፣ ረኃብና ወረርሽኝ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩን አራቆቱት። አባቱን በጦርነት ያጣ፣ በረኃብ ዘመን ያደገ ሕፃን በኋላ ጦርነትንና ድህነትን እንደ አንድ ገመድ ሁለት ጫፎች አድርጎ ማየቱ የሚያስገርም አይደለም።

ገና በልጅነታቸው ወደ ኤርትራ ተሻግረው፣ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በምጽዋ ወደብ በቆመች መርከብ ተሳፍረው ኦስትሪያ ደረሱ። አንድ ባለጸጋ ቤተሰብም እንደ ልጁ ተቀብሎ አሳደጋቸው። ጀርመንኛን አጥንተው ወደ በርሊን በማምራት ሕክምና ተማሩ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ ሁሉ የሚዘዋወረው የማርያ ቴሬዛ ብር ከኦስትሪያ ይመጣ ነበር። የአገሬው ገበሬ ጥሪቱን የሚለካበት ገንዘብ በሚቀረጽበት አገር ያደጉት ወጣት፣ የሁለቱን አገሮች የኑሮ ልዩነት በዓይናቸው አይተው ለማነጻጸር የቻሉ ነበሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ አማርኛን ጠንቅቀው ተማሩና በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ታመው ነበርና በአልጋው ዙሪያ የሚደረገው ፉክክር በርትቶ፣ የውጭ አገር መልእክተኞችም በዚሁ ውስጥ ገብተው ነበር። ከጀርመኖች ጋር የሠሩት ገብረ ሕይወትም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም፤ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሱዳን ለመሰደድ ተገደዱ።

የመጀመሪያው ሥራቸው፣ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፍ፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በአስመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት በወጣው የጽሑፎች ስብስብ ውስጥ ታተመ። ጽሑፉ የአድዋን ድል ያከብራል፤ ይሁን እንጂ ድሉ የተገኘበት መንግሥት ራሱን ካላሻሻለ ነጻነቱ ዘላቂ እንደማይሆን ያስጠነቅቃል። ለአዲሱ ዘመን ያቀረባቸው ሐሳቦችም በግልጽ የተቈጠሩ ናቸው፤ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ፣ ግብር ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፣ ወታደሩ ደመወዝ ይቈረጥለት፣ ሕግ በጽሑፍ ይደንገግ፣ ገንዘብ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ቀረጥ ወጥ ይሁን፣ የሃይማኖት ነጻነት ይታወጅ የሚሉ ነበሩ። የእነዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ነው። ገበሬው የሚከፍለውን አስቀድሞ ካላወቀ፣ ወታደሩም በቤቱ እየተሠራ ስንቁን ከበላበት፣ ትርፍ ለማምረት የሚተጋበት ምክንያት አይኖረውም። ገብረ ሕይወት የገበሬውን ድህነት በስንፍናው ሳይሆን በአስተዳደሩ አሳበቡ።

ቀጥሎ የተሾሙበት ሥራ ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ አውጥቶ በየቀኑ በዓይን እንዲያዩት አደረጋቸው። በምድር ባቡሩ ተቈጣጣሪነት ከሠሩ በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም ሆኑ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሲደርስ የተቈረቈረች፣ ለሥራ የተወለደች ከተማ ነበረች። ወደ ባሕር የሚወርደው ባቡር ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ይጭናል፤ ሽቅብ የሚመጣው አቡጀዲድ፣ የብረት ዕቃና የጦር መሣሪያ ያመጣል። የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳዮች ነበር። ቀረጡም ቢሆን በአገሩ መንግሥት ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከዋጋው ከመቶ 10 እንዳያልፍ፣ በመጠጥም ላይ ከመቶ 8 እንዳይበልጥ ገድቦት ነበር። ሌሎችም መንግሥታት በዚሁ ውል ተጠቀሙ። ነጋድራሱ በሩን እንዲጠብቁ የተሾሙ ሰው ናቸው፤ የበሩ መቈለፊያ ግን በእጃቸው አልነበረም።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ዋናው መጽሐፋቸው የቆመው በዚህ ልውውጥ ትንተና ላይ ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ ዕውቀት ነው ይላሉ። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ብዙ ያመርታል፤ ዕውቀት የጐደለው በብዙ ድካም ጥቂት ያገኛል። ሁለቱ በገበያ ሲገናኙ ልውውጡ በመልኩ የእኩሎች ይመስላል እንጂ የድካማቸው ልክ አይተካከልም። ለምሳሌ ያህል፣ ገበሬው ብዙ ቀን የደከመበትን ቆዳና ቡና ሰጥቶ፣ ፋብሪካ በጥቂት ሰዓት የሠራውን ጨርቅ ይቀበላል። ስለዚህ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ንግዱ በሰፋ መጠን ይበለጽጋል ማለት አይቻልም፤ በዕውቀት ለቀደመው ሕዝብ ጥገኛ ሊሆን ይችላል። ባቡርም ቢሆን አገሬው ማምረትን ካልተማረ ሀብቱን ወደ ውጭ ማፋጠኛ ከመሆን አይድንም።

የአገሪቱን ኋላ መቅረት ሲያስረዱ የሰጡት ሌላው ምክንያት ጦርነት ነው። የሰበሰበውን የሚዘረፍ ሕዝብ ጥሪት አያከማችም፤ ጥሪት ከሌለ ደግሞ ዕውቀትና የእጅ ሥራ አያድጉም። መፍትሔውን የፈለጉት በሰላም፣ በትምህርትና በሥርዓት ባለው መንግሥት ነው። በአጭር ጊዜ ራሷን የለወጠችው ጃፓን ለእርሳቸውና ለዘመን ጓደኞቻቸው ምሳሌ ነበረች።

የገብረ ሕይወት ሐሳብ ግን ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ለውጡን ማን ይፈጽመዋል ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ ብሩህ አእምሮ ያለው ገዥ የሚል ነበር። በመጀመሪያ ተስፋቸውን በልጅ ኢያሱ ላይ ጣሉ፤ ልጅ ኢያሱም በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ነባሩ ሥርዓት የሚጠቅማቸው ሰዎች ሥርዓቱን በገዛ እጃቸው ያፈርሱታል ወይ የሚለው ጥያቄ በመጽሐፋቸው በቂ ቦታ አላገኘም። የገባሩን ሸክም በሚገባ ዐወቁት፤ ገባሩ ራሱ የለውጥ ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ግን እምብዛም አላሰቡም። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው የኢትዮጵያ ታሪክ በብዙ ክፍሉ በዚህ ባልተመለሰ ጥያቄ ላይ የተደረገ ትግል ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በ33 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ዐረፉ። መጽሐፋቸው የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ጥሬ ዕቃ አቅራቢ አገሮች ከኢንዱስትሪ አገሮች ጋር በሚያደርጉት ንግድ ስለሚደርስባቸው ጉዳት፣ አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽና ሐንስ ሲንገር የታወቀውን ትንተናቸውን ያቀረቡት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ነበር። መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ እነርሱ የዋጋን አካሄድ በአኃዝ ተከታተሉ፣ ገብረ ሕይወት የድካምንና የዕውቀትን ሚዛን መረመሩ። የቆሙበት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ የድሬዳዋው ሹምም በ30 ዓመት ቀድመው ደርሰውበታል። በአማርኛ ስለ ጻፉ የዓለም የኢኮኖሚ ምሁራን ለብዙ ዘመን አላወቋቸውም፤ የሚያሳዝነው ግን በቋንቋቸው የሚያነቡትም ብዙ ጊዜ አለማስታወሳቸው ነው።

ኢትዮጵያ ዛሬም ቡናዋን በአብዛኛው ሳይቈላ ትሸጣለች፤ መኪናውን፣ መድኃኒቱንና መሣሪያውን ከውጭ ትገዛለች። የቀረጥ ውሉ ተሽሯል፤ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲም ተሠርተዋል፤ በመሆኑም ሁኔታው እንደ ቀድሞው ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ነጋድራሱ የተዉልን መለኪያ አላረጀም። ወደ ውጭ የተላከው ስንት ቶን ነው ብሎ መቍጠር ቀላል ነው። በዚያ ቶን ውስጥ የስንት ሰው ድካም አለ፣ በምትኩስ ምን ዕውቀት ወደ አገር ገባ ብሎ መጠየቅ ግን የኢኮኖሚ ባለሙያ ሥራ ነው። ይህን ሒሳብ አስቀድመው የጀመሩልን እርሳቸው ናቸው፤ ሒሳቡም ገና አልተዘጋም።