ዜማውን ያልነኩት አቡነ ያዕቆብ

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ኦርጋን ነው። ዓዲግራት ሄዶ ያስቀደሰ ሰው ግን የሚሰማው የግዕዝ ቅዳሴና የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም። የአገሩ ሰው አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው ጣሊያናዊው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

አቡነ ያዕቆብ በደቡብ ጣሊያን ሳን ፌሌ በ1800 ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በ1818 የላዛሪስቶችን ማኅበር ተቀላቀሉ፣ በ1824 ቀሰሱ፣ በ1839 ዓድዋ ገቡ።

የጠበቃቸው የሁለት መቶ ዓመት ቂም ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የአገሩን ሥርዓተ አምልኮ በሮማው ለመተካት ሞክሮ ብዙ ደም ፈስሷል፤ ንጉሡም በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት ለመመለስ ተገደዋል። አዋጅ ሕዝብን ዝም ሊያሰኝ ይችላል፤ ሊያዘምረው ግን አይችልም።

አቡነ ያዕቆብ ይህ ትምህርት የገባቸው ሰው ነበሩ። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ። ዓዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ የካህናት ማሠልጠኛ ከፍተው ደቀ መዛሙርቶቻቸው የአባቶቻቸውን የግዕዝ ሥርዓት ይዘው እንዲቀጥሉ አደረጉ። በ1849 ምፅዋ ላይ በአቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ።

ዋጋውም ከባድ ነበር። በ1854 ጎንደር ላይ ታሰሩ፤ ኋላም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ደቀ መዝሙራቸው አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በእስር ላይ እንዳሉ አረፉ። እርሳቸውም በጁላይ 31 ቀን 1860 ወደ ሐላይ ደጋ ሲወጡ መንገድ ላይ ሞቱ። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ቅድስናቸውን አወጁ።

በኦሮሞ አገር የተሠማሩት እነ አቡነ ማስያስ ግን የላቲን ሥርዓትን ተከሉ። ከሐረና ጫካ በላይ ያለው የባሌ ደጋ፣ በ2012 የተቋቋመው የሮቤ የካቶሊክ አስተዳደር ክልል፣ የዚያው ሥርዓት ወራሽ ነው። ታዲያ የሮቤና የጎባ ምእመን ያሬዳዊ ዜማ ይማር ማለት ነው? አይደለም። ያሬድ ለትግራይ ምእመን የገዛ ራሱ ነበር። የባሌው ምእመንም የገዛ ራሱ ቋንቋና ዜማ አለው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ያወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ ለየሕዝቡ የሙዚቃ ባህል ተገቢ ቦታ እንዲሰጥ ደንግጓል። አቡነ ያዕቆብ ከድንጋጌው ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው የሄዱበት መንገድ ነው። የአንድ ቁምስና መዘምራን አገልግሎትም መመዘን ያለበት በዚሁ ነው። በኪቦርድ የታጀበ፣ ከሌላ አገር የመጣ መዝሙር ጥቂት ወጣቶችን ሊያደምቅ ይችላል። ከኋላ የተቀመጡት እናት አብረው ካልዘመሩ ግን መዘምራኑ ምእመኑን ተኩት እንጂ አላገለገሉትም።