መስቀለኛ ጥያቄ ያልቀረበለት ምስክር

ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል መንገድ ዳር ከሚደረደሩት የልጆች ቦርሳዎች መካከል ባትማን የታተመበት አይጠፋም። ዋጋ የሚከራከሩት ወላጆች፣ ይህ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰውዬ በአንድ ወቅት ልጆችን ወደ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ይመራል ተብሎ እንደተወነጀለ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ወንጃዩ ፍሬድሪክ ዌርታም የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮሚክስ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚነገርበትን መጽሔት፣ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ግን ዛሬም ስሙ በበጎ አይነሳም። እኔ ሕግ ያጠናሁ ሰው ነኝና በሰውዬው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። መዝገቡ ሁለት ገጽ አለው። (ዓመታቱን፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ዌርታም በ1895 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገረና ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ መሥራት ጀመረ። በዚያ ዘመን ለጥቁር ተከሳሾች የሙያ ምስክርነት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ነጭ የአእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። እሱ አንዱ ነው። ኋላ ኒው ዮርክ ገብቶ በ1935 ሕፃን ገድሎ ለተከሰሰው ለአልበርት ፊሽ ቆመ፤ ሰውየው የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ሲል መሰከረ። ጀሪው አልተቀበለውም፤ ፊሽም በ1936 በሞት ተቀጣ። አገር ሁሉ ለሚጠላው ተከሳሽ ቀርቦ እውነቱን መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ችሎት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1946 ደግሞ ሐርለም ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ምድር ቤት፣ ላፋርግ የተባለ ክሊኒክ ከፈተ። ደራሲው ሪቻርድ ራይት ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ሐኪሞቹ በበጎ ፈቃድ ይሠሩ ነበር፤ ክፍያው 25 ሳንቲም። ሌላ ቦታ በሩ የተዘጋባቸው ጥቁሮች እዚያ ይታከሙ ነበር። የዴላዌር ክፍለ ግዛት ጥቁር ወላጆች ልጆቻችን ከነጮቹ ተለይተው ለምን ይማራሉ ብለው ሲከሱ፣ ዌርታም ጥቁሮችንም ነጮችንም ልጆች መርምሮ በ1951 ፍርድ ቤት ቀረበ። መለያየቱ ልጆቹን ይጎዳል አለ። ዳኛው ኮሊንስ ሳይትዝ በ1952 ለወላጆቹ ፈረዱ። ጉዳዩ ከሌሎች አራት መዝገቦች ጋር ተጣምሮ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ፤ ሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የብራውን ውሳኔ ግንቦት 17 ቀን 1954 ተሰጠ።

እንግዲህ ያንኑ የፀደይ ወራት ነው መጽሐፉ የወጣው። ክሊኒኩ የሚመጡት ልጆች ኮሚክስ ማንበብ ያዘወትሩ ነበርና ዌርታም የጥፋታቸውን ምንጭ እዚያ ፈለገ። ስለ ግድያና ስለ ዝርፊያ ሥዕሎች የጻፈው ብዙ ነው። መዘዙ የረዘመው ግን ስለ ባትማንና ስለ ሮቢን የጻፈው ነው። ሁለት ወንዶች በአንድ ቪላ ሴት ሳይኖርበት መኖራቸውን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ምኞት አድርጎ አየው፤ ወንደር ዉማንን ደግሞ የሴቶቹ አቻ አደረጋት። ለዚህም ከታካሚዎቹ አንደበት ሰማሁ ያለውን ማስረጃ ጠቀሰ። ሚያዝያ 21 ቀን 1954 በሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ሴናተሮቹ በአክብሮት አዳመጡት።

በዚያው ዓመት መጸው አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይቀድማቸው የራሳቸውን ደንብ አወጡ። ሳንሱር ባለበት ዘመን ያደግን ሰዎች ቀዩ እስክሪብቶ ከመንግሥት ቢሮ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። እዚያ ግን ነጋዴው ራሱ ያዘው። የደንቡ ማኅተም የሌለበትን መጽሔት አብዛኛው አከፋፋይ አይረከብም ነበር። ደንቡ የፆታ ብልሹነት ብሎ የጠራውን ነገር፣ በፍንጭ እንኳ፣ ከለከለ። ለፍትሕ ስል ልናገር፣ ዌርታም ይህን ደንብ አልወደደውም። የጠየቀው ለልጆች መሸጥን የሚከለክል ሕግ ነበር። ደንቡ ግን ተጽፎ ቀረ። እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚመለከተው ክልከላ የተነሳው በ1989 ነው። ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆነ ሠዓሊ 35 ዓመት ሙሉ የሰው ጀግና እየሳለ፣ የራሱን ሕይወት ግን በዚያ ማኅተም ሥር አንዲት ገጽ ላይ እንኳ ማስፈር አይችልም ነበር።

መውጫው ከማኅተሙ ውጭ ተገኘ። በ1980 ሃዋርድ ክሩዝ የተባለ የአላባማ ሰባኪ ልጅ፣ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ወንዶችና ሴቶች የሚሠሩበትን ጌይ ኮሚክስ የተባለ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። አሳታሚው ትንሽ ነበር። ክሩዝ በ1995 ያወጣው ስተክ ረበር ቤቢ ደግሞ የጥቁሮችን የእኩልነት ትግልና ማንነቱን የሚደብቅ የአንድ ነጭ ወጣት ሕይወት በአንድ ላይ የያዘ ነው። ያሳተመው ባትማንን የሚያሳትመው ዲሲ መሆኑ ያስገርመኛል። ዌርታም በአንድ እጁ የደገፈው፣ በሌላው የገፋው፣ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ማስረጃውስ? የዌርታም ወረቀቶች በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቆልፈው ቆይተው በ2010 ለተመራማሪ ተከፈቱ። ካሮል ቲሊ የተባሉ ምሁር ከመጽሐፉ ጋር አስተያይተው በ2012 ያሳተሙት ጥናት ለሕግ ሰው የሚያስደነግጥ ነው። ዕድሜ ተቀይሯል፣ የሁለት ሰው ቃል ወደ አንድ ሰው ዞሯል፣ የማይመቸው ተቆርጧል። ስለ ባትማን ተናገረ የተባለው ወጣት በእውነቱ አብረው የሚኖሩ ሁለት ፍቅረኞች ነበሩ፤ ከባትማን ይልቅ ታርዛንንና ሌላ ጀግና ጠቅሰው ነበር። ያ ተዘለለ። ዴላዌር ላይ የተናገረው በመስቀለኛ ጥያቄ ሊፈተን የሚችል ነበር፤ በመጽሐፉ ግን ማንም ጠበቃ ተነስቶ እነዚያ ሁለት ልጆች ይምጡና ይናገሩ አላለም።

እኛ አገር የወንጀል ሕጉ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አንቀጽ 629 ድርጊቱን ይቀጣል፤ የብዙ አንባቢዎቼም አቋም አይጠፋኝም። ሆኖም ሥዕል ድርጊት አይደለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ስለ እነዚህ ሰዎች ሐኪሙም ሰባኪውም ጋዜጠኛውም ሲመሰክር በአደባባይ እሰማለሁ። እነሱ ራሳቸው ሲናገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። የራሱን ታሪክ በራሱ እጅ የሚስል ሰው ቢያንስ ቃሉን ማንም አይቆርጥበትም፤ እንዲህ ያለውን ሠዓሊ መደገፍ ተገቢ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ዌርታም በ1973 የመጨረሻ መጽሐፉን ጻፈ፤ የኮሚክስ አፍቃሪ ወጣቶች በራሳቸው አባዝተው የሚያሰራጯቸውን አነስተኛ መጽሔቶች የሚያመሰግን ነበር። ሳንሱር ሳይነካቸው መሠራታቸውን ወደደው። በኅዳር 1981 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አረፈ። ጌይ ኮሚክስ ያኔ መውጣት ከጀመረ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ደንቡ ሊላላ ገና ስምንት ዓመት ቀርቶት ነበር።