የእንዶዱ ተመራማሪ ለወባ ሕሙማን ያስተማሩት

ላፍቶ ደጋ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ወባ እንደ ቆላው አገር አያስቸግራትም። ይሁን እንጂ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ መተማ፣ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ ከርሞ የተመለሰ የቤተሰባችሁ አባል ብርድ ብርድ ሲለውና ሲያተኩሰው፣ ቅጠል ቀቅሎ እንዲጠጣ የሚመክረው ሰው አይጠፋም። ምክሩን ከመቀበላችሁ በፊት የሳይንቲስቱን የዶክተር አክሊሉ ለማን ሕይወት እናስታውሳችሁ።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ጅጅጋ ተወለዱ። አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ፣ ቀንድ አውጣው ሲጠፋ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

አክሊሉ ግን ባዩት ብቻ አልረኩም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን እንዶድ ባለበት ውኃ ውስጥ ጨምረው አረጋገጡ። ቀጥሎም በቤተ ሙከራ መጠኑን ለኩ፤ ዓድዋ ላይም ለ5 ዓመታት ሞከሩት። በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው የቢልሃርዚያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንዲያም ሆኖ ዓለም አቀፍ ተቋማት እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ደኅና መሆኑ እንዲመረመር በመጠየቃቸው ሥራው ብዙ ዓመታት ፈጀ። አክሊሉ በ1966 ያቋቋሙት የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ያረፉት በ1997 ነው።

ልብ በሉ፤ እንዶድ የተፈተነው ወንዝ ውስጥ ያለን ቀንድ አውጣ ለመግደል እንጂ ሰው እንዲጠጣው አይደለም። እንዶድ ሲጠጣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሊገድልም ይችላል። አንድ ተክል ለአንድ ነገር መጥቀሙ ለሌላው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ለወባም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኮአርተም በተባለው የወባ መድኃኒት ውስጥ ያለው አርቴሜተር መነሻው የጭቁኝ ዘመድ የሆነ የቻይና ተክል ነው። መድኃኒት የሆነው ግን ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶና በሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው። ቅጠሉ ተፈልቶ ሲጠጣ የንጥረ ነገሩ መጠን ስለማይታወቅ ተሐዋሲውን ሳይጨርስ መድኃኒቱን እንዲለማመድ ሊያደርገው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሻዩን ለወባ መከላከያም ሆነ ማከሚያ እንድንጠቀምበት አይመክርም።

ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ምርመራ ያድርግ፤ የት እንደነበረም ለባለሙያው ይንገር። ከተመለሰ ወራት ቢያልፉም ይህን መናገር አይርሳ። በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አይቆዩ። የታዘዘ መድኃኒት ሲሻል የሚቋረጥ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ይወሰድ። ቅጠል ጠጥታችሁ ከሆነም ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩ።