አስቴር ጋኖ፦ የቤቷን ተረት መጽሐፍ ያደረገች

ብዙዎቻችን በልጅነታችን ደብተር ይዘን ስንቀመጥ ውኃ ልንቀዳ ወይም እንሰት ልንፍቅ ተልከናል። ንባብ የወንድሞቻችን ነበር። አንዳንዶቻችን ይህን ለወላጆቻችን ዛሬም ይቅር ማለት ከብዶናል። ስለዚህ በዚህ እትም የአስቴር ጋኖን ሕይወት እናስታውሳለን።

አስቴር እ.ኤ.አ. በ1872 ገደማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ተነጥቀው ለባርነት ተዳረጉ። በ1886 ባሕር ሊሻገሩ ሲሉ የጣሊያን መርከብ ነጻ አወጣቸው፤ ምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ፊደል ቆጠሩ።

እናትና አባት አጠገባቸው አልነበሩም። ከቤታቸው የቀራቸው ቋንቋው፣ ተረቱና ዘፈኑ ነበር፤ ያንን ከትዝታቸው ጻፉት። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ብዙ ደክመዋል። በ1904 ወደ ወለጋ ሄደው በነቀምት አስተማሩ። በ1906 ኦነሲሞስ በካህናት ክስ እንዳይሰብኩ ተከለከሉ፤ መጽሐፉ ግን ተጽፎ ነበር። አስቴር በ1964 ዐረፉ።

ዛሬ የጌዴኦ ልጆች በጌዴኦኛ ይማራሉ። ልጅቷ ምሽት ላይ ስታነብ፣ ፊደል ያልቆጠረችው አያቷ ተረቱን ታውቀዋለች፤ የጎደለውን ትጨምርላታለች። ንባብ ልጅን ከቤተሰቧ ይነጥላል ብለው የፈሩ ወላጆቻችን ይህን አላዩም።

እኅቶች፣ ውኃው ለአንድ ሰዓት ይቆይ። ለእኛ የተነፈገንን ለሴት ልጆቻችን አንንፈግ።