ጃፓንን በአማርኛ ያስነበቡን የመርሐቤቴው ሰው

ሰሜን ሸዋ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚሉን አንኮበርና ደብረ ብርሃን ናቸው። ዛሬ ግን ወደ መርሐቤቴ ጎራ እንበል። መርሐቤቴን ከጃፓን ጋር ምን ያገናኛታል ካላችሁ፣ መልሱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ ውስጥ ደን በሚባል ቦታ ተወለዱ። ዲግሪ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ የተማሩት የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። በጸሐፊነት ሠርተው ወደ ቤተ መንግሥት ቀረቡ። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ለንደን ከሄደው ልዑክ ጋር ተጓዙ። በኋላ የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚህ ሁሉ ሥራ መሃል ከ20 በላይ መጻሕፍት ጻፉ።

በዚያ ዘመን የኛ ምሁራን ዓይን ጃፓን ላይ ነበር። ለምን? ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1868 በኋላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተለውጣለች። በ1872 የመጀመሪያው ባቡሯ ሲነሳ፣ በዚያው ዓመት ሕፃናት ሁሉ እንዲማሩ አወጀች። በ1905 ሩሲያን በጦርነት አሸነፈች። የኛ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ራሱ የተቀዳው በአብዛኛው ከጃፓን ነው። ገበያችንም ውስጥ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ ገብቶ ነበር።

ኅሩይ ይህን በወሬ ብቻ መስማት አልበቃቸውም፣ ሄደው አዩት። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ጃፓን ገቡ። ከንጉሠ ነገሥቱ ከሂሮሂቶ ጋር ተገናኙ፤ ትምህርት ቤቶችንና ፋብሪካዎችን ጎበኙ። ሲመለሱም ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አሳተሙት። ቶኪዮን በእግሩ ሊረግጥ የማይችል አንባቢ በራሱ ቋንቋ አነበባት ማለት ነው። መጽሐፉ ኋላ ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል።

ለውጥ ግን ማሽን መግዛት ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። «አዲስ ዓለም» የተባለው ልቦለዳቸው ባለታሪክ ዐወቀ የተጉለት ልጅ ነው። ፓሪስ ተምሮ አገሩ ሲመለስ ከባዱ ነገር ከዘመዶቹ ጋር መግባባት ሆነበት። ለአባቱ ተዝካር ትልቅ ድግስ ይደገስ አይደገስ የሚለው ሙግት ብቻውን ስንቱን አጣላ! ውጭ ቆይቶ ወይም ዩኒቨርሲቲ ከርሞ ሰፈሩ የተመለሰ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል።

የሥልጣኔው ሌላ ገጽታ ደግሞ ነበረ። ኅሩይ ጃፓን ከመድረሳቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የጃፓን ጦር የቻይናን ማንቹሪያ መውረር ጀምሯል። ትምህርት ቤቱን ያቆመው ዕውቀት መድፉንም ሠርቶታል።

መስከረም 1928 ዓ.ም. ጣልያን ወረረችን። ያን ጊዜ ብዙ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ ቢያዝኑም፣ መንግሥታቸው ግን ጥቅሙን አስልቶ የጣልያንን ወረራ ተቀበለ። ይህን ያህል ለተደነቀች አገር መራራ ፍጻሜ ነው። ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። አገራቸው ነፃ ስትወጣ ለማየት አልታደሉም፤ በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባዝ ከተማ ውስጥ በ60 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። እጃችን ላይ ያለው ስልክ ደግሞ አብዛኛው የእስያ ሥራ ነው። ኅሩይ የመርከቡን ጉዞ ታግሠው ያዩትን ዓለም እኛ በጣታችን እንነካዋለን። እሳቸው ግን አይተው ብቻ አልቀሩም፤ እንዴት እዚያ እንደተደረሰ ጠይቀው፣ መልሱን በአማርኛ ጽፈው አስቀመጡልን። ፋሽንና ዕቃ ብቻ ከመቀበል ይልቅ እንደሳቸው «እንዴት ተሠራ?» ብለን ብንጠይቅ፣ የመርሐቤቴው ሰው ድካም ከንቱ አይቀርም።